“አዎ፣ አልገባኝም”፦ እንግሊዝኛ የሚያደናቅፈን የት የት ነው?

 

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ከቋንቋው ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ቆይተናል። ያም ሆኖ ፍሬሽ ሆነን የመጀመሪያዎቹ ሌክቸሮች ላይ ስንቀመጥ ብዙዎቻችን ጆሮ የሚገባው ድምፅ እንጂ ትርጉም አይደለም።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ሃንድአውቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሚዱም ፋይናሉም በእንግሊዝኛ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በየዲፓርትመንቱ እየተሰጠ ያለው የመውጫ ፈተናም አብዛኛው እንዲሁ ነው። ስሌቱን አሳምሮ እያወቀ በጥያቄው ውስጥ ያለችውን አንዲት “ኖት” ወይም “ኤክሴፕት” ሳያይ ያለፈ ተማሪ ነጥቡን የሚያጣው ትምህርቱን ስላላወቀ አይደለም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የቋንቋን ችግር የአእምሮ ችግር አድርገን ወስደን “እኔ ለዚህ ዲፓርትመንት አልሆንም” ማለት መጀመራችን ነው።

ከትምህርት በኋላም ሆነ በዶርም ስንጫወት ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች አሉ። እዚህ አንድ በአንድ እንመልሳቸዋለን። ልናስጨብጥ የምንፈልገው ቁም ነገር አንድ ነው፦ ስህተቶቻችን እንዲያው የሚመጡ አይደሉም። አብዛኞቹ የሚመነጩት ቀድመን ከምናውቃቸው ቋንቋዎች ነው፤ ከአፍ መፍቻችን፣ ከአማርኛ፣ መድረሳ የቀራን ደግሞ ከዐረብኛ። ምንጩ ከታወቀ ማረሚያው አይጠፋም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ማረሚያው ራሱ መድረሳ በቀራነው ውስጥ ቁጭ ብሎ እናገኘዋለን።

አንደኛ ጥያቄ፦ “ቲ ኤች”ን እንዴት ነው የምንላት?

አማርኛ ይህ ድምፅ የለውም። “ማሰብ” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በፊደላችን ልንጽፍ ስንሞክር ወይ “ቲንክ” ወይ “ሲንክ” ይሆንብናል። “ሲንክ” ደግሞ በእንግሊዝኛ መስጠም ማለት ነው። “ወፍራም” የሚለውን ቃል በ“ሰ” ከጀመርነው “በሽተኛ” ይሆናል። የላሜራን ውፍረት ለክፍሉ የሚያቀርብ ተማሪ ስለ ላሜራው ሕመም ሊያወራ ነው ማለት ነው።

መድረሳ የተቀመጠ ሰው ግን ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ባለ ሦስት ነጥቧ ሣእ እና ነጥብ ያለባት ዛል መኽረጃቸው የምላስ ጫፍ ከላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ጫፍ ጋር ሲገናኝ ነው። “ማሰብ”፣ “ሦስት”፣ “ቀጭን” በሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መጀመሪያ ላይ ያለችው ሣእ ናት። “ይህ”፣ “እነሱ” በሚሉት ቃላት መጀመሪያና “እናት” በሚለው መሐል ያለችው ዛል ናት። ተጅዊድ ያልቀራችሁም አትቸገሩም፤ የምላሳችሁን ጫፍ ጥርሳችሁን አስነክታችሁ አየር አውጡ።

ሁለተኛዋ አስቸጋሪ ድምፅ “ፒ” ናት። ዐረብኛም ሶማልኛም የላቸውም፤ ሶማልኛ “ፖሊስ”ን “ቦሊስ” የሚለው ለዚህ ነው። አማርኛ “ፐ” ቢኖረውም በአብዛኛው የሚጠቀምባት በውሰት ቃላት ነው። መለማመጃው ቀላል ነው፦ ቀጭን ወረቀት ከከንፈራችን ፊት እንያዝ። “ፔን” ስንል ወረቀቱ መንቀሳቀስ አለበት፤ “ቤን” ስንል ብዙም አይነቃነቅም።

አናባቢዎቹም አሉ። በእኛ ፊደል መርከብም “ሺፕ”፣ በግም “ሺፕ” ነው። የበጉ ልክ እንደ መድ ይረዝማል። የመርከቡ ግን አጭር መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከ“ኢ” ወደ “እ” ጠጋ ማለት አለበት። “መኖር” እና “መልቀቅ” የሚሉት ሁለቱ “ሊቭ”ዎችም የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ለምን እንደተጻፈ አይነበብም?

ታሪክ አለው። ዊሊያም ካክስተን የመጀመሪያውን ማተሚያ እንግሊዝ ውስጥ ያቋቋመው በ1476 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ የቃላቱ አጻጻፍ ቀስ በቀስ እየጸና ሲሄድ አነጋገሩ ግን መለወጡን ቀጠለ፤ በተለይ ረዣዥሞቹ አናባቢዎች በእነዚያ ዘመናት ቦታቸውን ለቀቁ። “ቢላ” በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ የምናያት “ኬ” በድሮ ጊዜ ትነበብ ነበር። ዛሬ የምንጽፈው ባብዛኛው የያኔውን፣ የምንናገረው የአሁኑን ነው።

የእኛም ፊደል ሁሉንም አይናገርም። “አለ” ሲላላ “ተናገረ” ነው፤ ሲጠብቅ “ይገኛል” ነው። ጽሑፉ ግን አንድ ነው። ዐረብኛ ይህን ጥብቀት በሸዳ ያሳያል። ልብ በሉ፦ የእንግሊዝኛ ድርብ ፊደል ሸዳ አይደለም! “ደብዳቤ” እና “በጋ” የሚሉትን ቃላት ስናነብ መሐል ላይ ድርብ ስላየን ብቻ እናጠብቃለን፤ መጥበቅ የለባቸውም። ድርቡ ብዙ ጊዜ የሚነግረን ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ነው። “ዲነር” ሁለት “ኤን” ሲኖረው እራት ነው፤ አንዷ ስትቀነስ “ዳይነር” ተብሎ ይነበብና “ተመጋቢ” ይሆናል።

ሌላው የድምፅ ክብደት ነው። እንግሊዝኛ ከቃሉ አንዱን ክፍል ከፍ አድርጎ ይናገርና ሌላውን ይውጠዋል። “ሪከርድ” የፊተኛው ሲከብድ ስም ነው፤ የኋለኛው ሲከብድ “መመዝገብ” የሚል ግስ ነው። ላብ ውስጥ ደግሞ ይህ በቁጥር ይመጣል። “ፊፍቲን” ክብደቱ መጨረሻው ላይ ነው፤ “ፊፍቲ” መጀመሪያው ላይ ነው። ይህን ያልለየ ሰው 15 ሚሊሜትር ሲባል 50 ብሎ ይጽፋል።

ሦስተኛ ጥያቄ፦ “ሂ” እና “ኢት” ለምን ይረሱናል?

አማርኛ “ሄደች” ሲል ማን እንደሄደ ቃሉ ውስጥ አለ። ዐረብኛም እንዲሁ ነው፤ ነሕው የቀራን ሰዎች እዚያ ቦታ “ዶሚር ሙስተቲር” አለ እንላለን፤ የተደበቀ ተውላጠ ስም። እንግሊዝኛ ግን ከትእዛዝ በስተቀር ዶሚሩን መደበቅ አይወድም። ፋዒሉ ሁልጊዜ ወጥቶ መታየት አለበት። የሚዘንበው ማን እንደሆነ ባይኖር እንኳ “ኢት” ብሎ ባዶውን ቦታ ይሞላል። ስለዚህ “ኢዝ ሬይኒንግ” ብለን መጀመር አንችልም።

ግሱ ራሱ ባለቤቱን የሚያሳይበት ምልክት ከሞላ ጎደል ጠፍቶበታል። በአሁን ጊዜ የቀረችለት አንዲት “ኤስ” ናት፤ “ሺ ወርክስ” ላይ ያለችው። ትንሽ ናት፣ ድምፅዋም ጎልቶ አይሰማም፤ የምትረሳውም ለዚህ ነው። አሳይመንት ከማስገባታችን በፊት ለእርሷ ብቻ አንድ ጊዜ ወረቀቱን ብናነብ ብዙ ስህተት ይቀንሳል።

አራተኛ ጥያቄ፦ “ዘ” መቼ ይገባል?

አማርኛ “ሞተሩ” ሲል መጨረሻው ላይ ያለችው “ኡ” የ“ዘ”ን ሥራ ትሠራለች። ዐረብኛ “አል” አለው። ደንቡ አንድ ነው፦ የምናወራው ስለ የትኛው እንደሆነ ሰሚውም ካወቀው “ዘ”፤ የሚቆጠርን ነገር አንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ስናነሳ “ኤ”። ሪፖርት ውስጥ “አንድ ፓምፕ ተጠቀምን፤ ፓምፑ…” ስንል መጀመሪያ “ኤ ፓምፕ”፣ ቀጥሎ “ዘ ፓምፕ” ይሆናል።

የዐረብኛ ተማሪ የሚሳሳትበት ግን አለ። ዐረብኛ ስለ አንድ ነገር በጠቅላላው ሲናገርም “አል” ያስገባል። “ዕውቀት ብርሃን ነው” የሚለው በእንግሊዝኛ ያለ ምንም “ዘ” ነው የሚባለው።

“ኤ” እና “አን” የሚለዩት በፊደል ሳይሆን በድምፅ ነው። “አወር” ላይ “ኤች” ስለማትሰማ “አን” ይላል፤ “ዩኒቨርሲቲ” በ“የ” ድምፅ ስለሚጀምር “ኤ” ይላል። የላብ ሪፖርት ለምንጽፍ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ “ኢኩዊፕመንት” እና “ኢንፎርሜሽን” የብዙ ቁጥር “ኤስ” አይቀበሉም፤ ዕቃው አሥር ቢሆንም።

አምስተኛ ጥያቄ፦ ጊዜያቱ በዙብን፤ በተለይ “ሀቭ” ያለበት

ከአማርኛ የምንነሳ ከሆነ መንገዱ ግማሽ አልቋል። “በላሁ” እና “በልቻለሁ” አንድ አይደሉም። ምሳ ግብዣ ሲመጣ “በልቻለሁ” እንላለን፤ ድርጊቱ ያለፈ ቢሆንም ጉዳዩ አሁን ነው። “ሀቭ” ያለበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይኸው “ቻለሁ” ነው። ልዩነቱ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ አማርኛ “ትናንት ጽፌያለሁ” ይፈቅዳል። እንግሊዝኛ አይፈቅድም፤ “የስተርደይ” ወይም ያለፈ ዓመተ ምሕረት ከተጠቀሰ “ሀቭ” ይወጣና ተራው ያለፈ ጊዜ ይገባል።

ስድስተኛ ጥያቄ፦ ቃሉን እያወቅነው ለምን ሰው አይገባውም?

ቃሉ የእንግሊዝኛ፣ አረፍተ ነገሩ የአማርኛ ስለሆነ ነው። “ኮምፒዩተሩን ክፈተው” እንላለን። በእንግሊዝኛ “ኦፕን” ካልን ግን ብሎኑን ፈትተን ክዳኑን ልናነሳ እንደሆነ ሊታሰብ ይችላል፤ የሚባለው “ተርን ኦን” ነው። “ስለ ውጤቱ ተወያየን” ስለምንል “ዲስከስ አባውት” ይመጣብናል፤ እንግሊዝኛ “ዲስከስ” ብሎ “ስለ”ን ይተዋል። በተቃራኒው “አዳምጠኝ” ውስጥ ምንም መስተዋድድ ስለሌለ “ሊስን ቱ” ላይ “ቱ”ን እንዘላለን። ሰዓትም አለ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በእንግሊዝኛ ዘጠኝ ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ሳያሰላ ቀጠሮ የሚጽፍ ሰው ቀጠሮውን ያበላሻል።

ከሁሉም ትልቁን ዋጋ የሚያስከፍለን ግን “አዎ” ናት። ሌክቸረሩ “ዲድንት ዩ አንደርስታንድ?” ብሎ ይጠይቃል፤ “አልገባችሁም?” ማለቱ ነው። እኛ በአማርኛ ልማድ “አዎ፣ አልገባንም” ልንል “የስ” እንላለን። እርሱ የሰማው “ገብቶናል” የሚል ነው፤ ወደሚቀጥለው ስላይድ ይሄዳል። ዐረብኛ የምታውቁ ይህን በቀላሉ ትይዙታላችሁ። ለአሉታዊ ጥያቄ “ነዐም” ብሎ መመለስ አሉታውን ማጽደቅ ነው፤ “በላ” ማለት ደግሞ አሉታውን ማፍረስ ነው። የአማርኛው “አዎ” እዚህ ቦታ እንደ “ነዐም” ነው። የእንግሊዝኛው “የስ” ግን እንደ “በላ” ነው። ስለዚህ ካልገባን መልሱ “ኖ” ነው።

ሰባተኛ ጥያቄ፦ ረጅም አረፍተ ነገር ስናነብ መሐል ላይ እንጠፋለን

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ ለምደናል። እንግሊዝኛ ግሱን ከባለቤቱ ቀጥሎ አስቀምጦ ማብራሪያውን ኋላ ያከማቻል። ስለዚህ ረጅም አረፍተ ነገር ሲገጥመን መጀመሪያ ዋናውን ግስ እንፈልግና እናስምርበት፤ ከዚያ “ማን?” ብለን ወደ ግራ፣ “ምን?” ብለን ወደ ቀኝ እንሂድ።

“ትናንት ላብ ውስጥ የሞከርነው ሞተር” ስንል ገለጻው ይቀድማል። በእንግሊዝኛ ሞተሩ ይቀድምና “ዛት” ወይም “ዊች” ብሎ ገለጻው ይከተላል። ይህ ዐረብኛ በ“አለዚ” የሚሠራው ዓይነት ቅደም ተከተል ነው። በሌላ በኩል በኢንጂነሪንግ የምንፈራቸው የስም ሰንሰለቶች ልክ እንደ አማርኛ ናቸው። “ሪኢንፎርስድ ኮንክሪት ቢም” ማለት “የተጠናከረ የኮንክሪት ቢም” ነው፤ ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም። ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ያለው ቃል ነው። አራትና አምስት ስም ተደርድሮ ስናይ ከመጨረሻው እንጀምር።

ሪፖርት ላይ በብዛት የምናየው “ዎዝ ሂትድ”፣ “ዎዝ ሜዠርድ” የሚለውም እንግዳ አይደለም። አድራጊው ተትቶ የተደረገበት ነገር ቦታውን ይይዛል፤ አማርኛ “ተለካ” ሲል በ“ተ” ያሳየዋል። ነሕው ደግሞ ግሱን “መጅሁል”፣ ቦታውን የያዘውን “ናኢቡል ፋዒል” ይለዋል። በሪፖርት የሚወደደው ዋናው ነገር የተለካው እንጂ የለካው ሰው ስላልሆነ ነው።

ስምንተኛ ጥያቄ፦ ስንት ቃል ይበቃናል?

መዝገበ ቃላት ከ“ኤ” ጀምሮ መሸምደድ አያዋጣም። ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ሁለት ሺህ ያህል መሠረታዊ ቃላትን የያዘ ዝርዝር አሳትሞ ነበር። አቨሪል ኮክስሄድ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ከየትምህርት መስኩ ጽሑፎች ሰብስባ 570 የቃል ቤተሰቦች ያሉበትን የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አወጣች። እነዚህ 570 ቤተሰቦች ከአካዳሚክ ጽሑፍ አሥር በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። “አሲዩም”፣ “ዲራይቭ”፣ “ኦብቴይን”፣ “አፕሮክሲሜት”፣ “ዌርአዝ” የመሳሰሉት በዚያ ውስጥ ናቸው። በየትኛውም ዲፓርትመንት ሃንድአውት ላይ እናገኛቸዋለን፤ አስተማሪው ግን እንደምናውቃቸው ቆጥሮ አያብራራቸውም። የፈተና ጥያቄም በእነዚህ ነው የሚታዘዘው፤ “ስቴት” ሲባል መጥቀስ ይበቃል፣ “ዲራይቭ” ሲባል ግን ቀመሩ ከየት እንደመጣ ደረጃ በደረጃ ማሳየት ነው። በቀን አምስት ቤተሰብ ብንይዝ በአራት ወር ውስጥ እንጨርሳቸዋለን።

ዘጠነኛ ጥያቄ፦ ለመናገር እናፍራለን፤ ሰው ይስቅብናል

ይህ የሁሉም ጥያቄዎች እናት ነው። “መጀመሪያ ሰዋስውን ልጨርስና ከዚያ እናገራለሁ” የሚል ብዙ ነው። ፋቲሓን ለመቅራት ተጅዊድን እስኪጨርስ የጠበቀ ልጅ ግን አይተን አናውቅም። በመድረሳ ልጅ ከኡስታዙ አፍ ይሰማል፣ ይደግማል፣ ሲሳሳት “ድገም” ይባላል፤ ያገኛትን ትንሽ ነገር በሙራጀዓ ያጸናል፤ ደንቡ ኋላ ይመጣል። በመደበኛው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን የተማርነው በግልባጩ ነው፤ ደንቡን አሥራ ሁለት ዓመት ተማርን፣ አፋችንን ግን አላሠራነውም።

ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ሆነን፣ እህቶችም ከእህቶች ጋር፣ ትንሽ ሐለቃ እንፍጠር። በቀን ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። አሥሩን ደቂቃ የተቀዳ አጭር ንግግር እየሰማን ከኋላው እየተከተልን እንደግመው። አሥሩን ከሃንድአውት አንድ ገጽ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብ። በቀረው አሥር ደቂቃ አንዳችን ያንን ገጽ በእንግሊዝኛ ለሌሎች ያስረዳ። እያወራ አናቋርጠው፤ ስህተቱን እንጻፍና ሲጨርስ ሁለቱን ብቻ እንንገረው። መሳቅ ክልክል ይሁን። በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ሙራጀዓ።

ስለ አነጋገር ዘይቤ የሚጨነቁም አሉ፤ የእንግሊዝ ይሁን የአሜሪካ? ለመናገር ዋናው መሰማትና መረዳት ነው። ለመጻፍ ግን አንዱን መርጠን በአንድ ሪፖርት ውስጥ አንቀላቅል።

በመጨረሻም ሁላችንም ነገ ጠዋት ወደ ክፍል ይዘነው የምንገባው አንድ አረፍተ ነገር ይኑረን። ለአስተማሪ የሚገባው አክብሮት አለበት፤ አማርኛ በ“እርስዎ” የሚያሳየውን እንግሊዝኛ የሚያሳየው በ“ኩድ ዩ ፕሊዝ” ነውና። እንዲህ ነው፦ “ሶሪ፣ አይ ዲድንት ፎሎው ዛት ፓርት። ኩድ ዩ ፕሊዝ ኤክስፕሌይን ኢት አጌይን?” ያቺን “ዛት” ምላሳችንን ጥርሳችን ላይ አድርገን እንበላት። አንዱ ሲጠይቅ ከኋላ ያልገባቸው ሃያዎቹ አብረው ይጠቀማሉ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን፤ ምላሳችንንም ይፍታልን። አሚን።